ትምህርት ቤቱም ፈርሟል
የአሜሪካ ቻርተር ትምህርት ቤቶች፣ የተማሪዎቻቸው ውጤትና ከወላጅ ጋር የሚገቡት ውል

ነሐሴ ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን እየጠሩ ወረቀት ያስፈርማሉ። ከክትባት ማስረጃው፣ ከመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫውና ከአደጋ ጊዜ ተጠሪ ቅጹ መሀል አንድ ለየት ያለ ወረቀት አለ። ልጄን በሰዓቱ አደርሳለሁ፣ የቤት ሥራውን በየማታው አያለሁ፣ ለስብሰባ ስጠራ እገኛለሁ የሚል ቃል ተጽፎበታል። ከታች ብዙውን ጊዜ ሦስት ፊርማ ይጠይቃል፦ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር።

አገሬ ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እዚህ ደግሞ በወላጅና መምህር ስብሰባዎች ላይ በአማርኛ አስተረጉማለሁ። ወገኖቼ ይህን ወረቀት እንዴት እንደሚፈርሙ ደጋግሜ አይቻለሁ። እስክሪብቶውን ይቀበሉና «የቱ ጋ ነው?» ብለው ፈርመው ይሄዳሉ። ጊዜ ወስዶ የሚያነብ ቢኖርም የሚያነበው የራሱን ግዴታ ነው። የመምህሩ ፊርማ ከየትኛው ቃል ሥር እንዳረፈ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚያ ቃል ነው። ጥሩ ቻርተር ትምህርት ቤቶች የልጆችን ውጤት ከፍ የሚያደርጉበት ምክንያት ባብዛኛው ያለው እዚያ፣ ትምህርት ቤቱ በፈረመበት በኩል ነውና።

ቻርተር ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?

ብዙ ወላጅ ቻርተርን የግል ትምህርት ቤት ይመስለዋል። እርግጡ ግን ሌላ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራና ክፍያ የማይጠይቅ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ከመደበኛው የሚለየው በአስተዳደሩ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ለተወሰነ ዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። የትምህርት ቀኑን ርዝመት፣ የመምህራን ቅጥሩንና የማስተማር ዘዴውን ባብዛኛው ራሱ ይወስናል። በምላሹ ቃል የገባውን ውጤት ካላመጣ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። በዲሲ ፈቃዱ የ15 ዓመት ሲሆን የከተማዋ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይመረምረዋል።

ሐሳቡ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አልበርት ሻንከር መምህራን አዲስ ዘዴ የሚሞክሩባቸው እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ በአደባባይ ጠየቁ። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፣ በ1991። የመጀመሪያው ትምህርት ቤትም በዓመቱ በዚያው በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ዲሲ ሕጉን በ1996 በኮንግረስ በኩል አገኘች። ዛሬ በመላ አገሪቱ ወደ 3.7 ሚሊዮን ተማሪዎች በቻርተር ይማራሉ። በዲሲ ደግሞ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በዲሲ መግቢያው ዕጣ ነው። «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባለው የጋራ ማመልከቻ አንድ ቤተሰብ እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫው ቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ቀድሞ ያመለከተ ቅድሚያ አያገኝም፤ የጊዜ ገደቡን ያሳለፈ ግን ከሌሎቹ ኋላ ይሰለፋል። «ይህኛው አይደርሰኝም» ብሎ የሚወዱትን ወደ ታች ማውረድም ጥቅም የለውም። ከልብ የሚፈልጉትን አንደኛ ላይ መጻፍ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። እነዚህ መቀመጫዎች ለከተማዋ ነዋሪዎች የተያዙ ናቸው፤ ከከተማዋ ውጭ የሚኖር ቤተሰብ ክፍያ ይጠየቃል። በዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ መዘዝ አለው።

ውሉ ከየት መጣ?

የዚህን ውል ታሪክ የሚያነሳ ሰው ኪፕ የተባለውን የትምህርት ቤቶች ስብስብ ሳይጠራ አያልፍም። በ1994 ማይክ ፋይንበርግና ዴቭ ሌቪን የተባሉ ሁለት ወጣት መምህራን በሂዩስተን፣ ቴክሳስ አንድ የአምስተኛ ክፍል ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪዎቻቸው ከድሃ ቤተሰብ የመጡ፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸው እንግሊዝኛ የማይናገሩ ነበሩ። መምህራኑ በየቤቱ እየዞሩ ከወላጅና ከልጅ ጋር ቁጭ ብለው ውሉን ያስረዱ ነበር። በዓመቱ ሌቪን ኒው ዮርክ፣ ሳውዝ ብሮንክስ ሄዶ ሁለተኛውን ከፈተ። ኪፕ ወደ ዲሲ የመጣው በ2001 ነው።

የዚያ የመጀመሪያ ዘመን ውል ሦስት ክፍል ነበረው። ወላጅ ልጁን ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር 1፡25 ላይ ሊያደርስ፣ እስከ ማታ 11 ሰዓት ሊያቆይ፣ ቅዳሜና በበጋው ዕረፍትም ሊልክ ቃል ይገባል። የቤት ሥራውን በየማታው ያያል፣ አብሮት ለማንበብ ይሞክራል፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀትን ሁሉ ያነባል። ተማሪው ጠንክሮ ሊሠራ፣ ያልገባውን ሊጠይቅ ይፈርማል። የመምህሩ ክፍል ደግሞ ከሁለቱ አያንስም። ከተማሪው ቀድሞ ሊገኝ፣ እስከ 11 ሰዓት ሊቆይ፣ ቅዳሜና በበጋ ሊያስተምር፣ ለተማሪና ለወላጅ ጥያቄ ሁልጊዜ ሊገኝ ቃል ይገባል። ልጁ የቤት ሥራው ከከበደው ማታ ለመምህሩ እንዲደውልም በውሉ ተጽፏል። ቃሉን የማይጠብቅ ተማሪ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊመለስ እንደሚችል ሁሉ ቃሉን የማይጠብቅ መምህርም ሊሰናበት እንደሚችል በዚያው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።

እኛ እድር ስንገባ ወርሃዊ መዋጮውን ብቻ ጠይቀን አንፈርምም። ሐዘን ሲደርስብን እድሩ ድንኳን መቼ እንደሚተክል፣ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያድር ከመተዳደሪያ ደንቡ አጣርተን ነው የምንገባው። የትምህርት ቤቱም ውል በዚያው ዓይን ሊነበብ ይገባል።

ውጤቱስ?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥርጣሬ ይነሳል፦ ለቻርተር የሚያመለክተው ቀድሞውንም ለልጁ ትምህርት የሚጨነቅ ወላጅ ከሆነ፣ ውጤቱን ያመጣው ትምህርት ቤቱ ይሁን ቤተሰቡ በምን ይታወቃል? ለዚህ መልስ የሰጠው ራሱ ዕጣው ነው። አመልካች ከመቀመጫ ሲበልጥ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰውም ያልደረሰውም ልጅ ወላጆች እኩል ፈልገው እኩል ያመለከቱ ናቸው። የለያቸው ዕድል ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ የሁለቱ ወገን ልጆች ፈተና ሲነጻጸር ልዩነቱ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በኋላ በ2021 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጆሹዋ አንግሪስት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በቦስተን ይህን መንገድ ተጠቀሙ። ዕጣ ደርሷቸው ቻርተር የገቡት ልጆች በሒሳብም በንባብም በግልጽ በልጠው ተገኙ። በዚያው ክፍለ ሀገር ከከተማ ውጭ ባሉ ቻርተሮች ግን ይህ ጥቅም አልታየም። የኪፕ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ያጠናው ማቲማቲካ የተባለው የምርምር ድርጅት ደግሞ በ2013 ውጤቱን አወጣ። ልጆቹ በገቡ በሦስተኛው ዓመት በሒሳብ የ11 ወር፣ በንባብ የ8 ወር፣ በሳይንስ የ14 ወር ትምህርት ያህል ከእኩዮቻቸው ቀድመዋል። «ወር» የተባለው የፈተና ውጤት ልዩነት ወደ ትምህርት ጊዜ ተለውጦ የተገመተ ነው።

አገር አቀፉ ሥዕል ግን የተደባለቀ ነው። የስታንፎርዱ ክሬዶ ማዕከል በ2009 በ16 ክፍላተ ሀገራት ባደረገው ጥናት በሒሳብ ከአቻዎቻቸው የተሻሉት ቻርተሮች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 37 በመቶው የባሱ፣ የቀሩት ልዩነት የሌላቸው። በ2023 ያወጣው አዲስ ጥናት ደግሞ በአማካይ የቻርተር ተማሪዎች በዓመት በንባብ የ16 ቀን፣ በሒሳብ የ6 ቀን ትምህርት ያህል እንደሚቀድሙ አሳይቷል። አማካዩ ተሻሽሏል፤ ልዩነቱ ግን ዛሬም ሰፊ ነው። ስለዚህ ወላጅ «ቻርተር ይሻላል ወይስ የሰፈሩ?» ብሎ ከሚጠይቅ «ይህ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የፈተና ውጤትም ብቻውን መድረሻ አይደለም። ኪፕ ራሱ በ2011 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎቹን ተከታትሎ ከአራት ዓመት ኮሌጅ የተመረቁት 33 በመቶ መሆናቸውን አሳወቀ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ ድርጅቱ ካሰበው ግን ያነሰ ነበር። በ2023 የወጣው የማቲማቲካ ክትትል ምክንያቱን ፍንትው አድርጎ አሳየ። በመካከለኛ ደረጃ ብቻ ኪፕ በተማሩት ላይ በኮሌጅ ምረቃ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። መካከለኛንም ሁለተኛ ደረጃንም እዚያው የቀጠሉት ግን በአምስት ዓመት ውስጥ የአራት ዓመት ኮሌጅ የመጨረስ ዕድላቸው በ19 መቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። ድጋፉ ሳይቋረጥ ሲዘልቅ ነው ፍሬው የሚታየው።

ከውስጥ የሠራው ምንድን ነው?

የሃርቫርዱ ሮላንድ ፍራየርና ዊል ዶቢ በኒው ዮርክ ከተማ 39 ቻርተር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገብተው የዕለት ተዕለት አሠራራቸውን መረመሩ። ጥናቱ በ2013 ታተመ። የክፍል ተማሪ ቁጥር ማነስ፣ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ፣ መምህሩ ማስተርስ መያዙ ጥሩውን ትምህርት ቤት ከደካማው አልለዩም። የለዩት አምስት ነገሮች ናቸው። መምህሩ በተደጋጋሚ ክፍሉ ውስጥ ታይቶ አስተያየት ማግኘቱ፣ የተማሪውን ውጤት በየጊዜው እያዩ ትምህርቱን ማስተካከል፣ በትንሽ ቡድን በብዛት ማስጠናት፣ የትምህርት ሰዓቱን ማርዘም፣ ከሁሉም ልጅ ብዙ መጠበቅ። እነዚህ አምስቱ በትምህርት ቤቶቹ መካከል ከታየው የውጤት ልዩነት 45 በመቶ ያህሉን ያስረዳሉ።

ፍራየር እነዚሁን አምስት ነገሮች በሂዩስተን ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው 20 መደበኛ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሲያስሞክር የሒሳብ ውጤት ከፍ አለ፤ በንባብ ግን ብዙ ለውጥ አልመጣም። ቻርተር የሚለው ስም ብቻውን ምንም እንደማይሠራ፣ የሚሠራው ሥራው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

አምስቱን ነገሮች ደግማችሁ አንብቧቸው። አምስቱም በትምህርት ቤቱ እጅ ያሉ ናቸው። ወላጅ መምህርን ክፍል ገብቶ መገምገም አይችልም፤ የማስጠኛ ቡድን አያደራጅም። ወላጅ ልጁን በሰዓቱ ካላደረሰ፣ እንቅልፉን ካልጠበቀለት፣ የቤት ሥራውን ካላየ ግን የረዘመው ሰዓት ባዶ ይሆናል። የውሉ ትርጉም ይኸው ነው፦ ወላጅ ልጁን ለትምህርት ዝግጁ አድርጎ ያመጣል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያ ሰዓት እንዲሠራ ያደርጋል።

ውሉ ሲጣመም

ውሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያጋድል ልጅን ይጎዳል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ወላጅ በዓመት ይህን ያህል ሰዓት በነፃ እንዲያገለግል ያስፈርሙ ነበር። ሁለት ሥራ ለምትሠራ እናት ይህ በሩ ተዘጋባት ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ቻርተር ትምህርት ቤት የወላጅ ተሳትፎን ሊያበረታታ እንደሚችል፣ ነገር ግን ለመግባትም ሆነ ለመቀጠል መስፈርት አለመሆኑን ለወላጅ እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። በ2015 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ ከፍተኛ ውጤት በሚታወቀው ሰክሰስ አካዳሚ ሥር ባለ አንድ የብሩክሊን ትምህርት ቤት «መሄድ ያለባቸው» የተባሉ 16 ልጆች ስም ዝርዝር ተገኝቶ እንደነበር ዘገበ። የድርጅቱ ኃላፊ ዝርዝሩ ስህተት እንደነበር ተናግረዋል። የሚያስቸግረውን ልጅ ሸኝቶ የሚገኝ ውጤት ለዚያ ልጅ ምንም አልፈየደም።

እዚህ ላይ የፌዴራል ሕጉ ወላጅን ይደግፋል። ከ1994 ጀምሮ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠውን «ታይትል ዋን» የተባለ ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ቻርተርም ይሁን መደበኛ፣ ከወላጆች ጋር በጋራ የተዘጋጀ ስምምነት ሊኖረው ይገባል። ሕጉ የትምህርት ቤቱን ኃላፊነት አንደኛ ያስቀምጣል፦ ጥሩ ሥርዓተ ትምህርትና ትምህርት ማቅረብ። ቀጥሎም በአንደኛ ደረጃ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ስምምነቱ የሚነሳበት የወላጅና መምህር ስብሰባ፣ ስለ ልጁ እድገት ተደጋጋሚ ሪፖርት፣ መምህራንን የማግኘትና ክፍል ገብቶ የማየት ዕድል፣ እንዲሁም በተቻለ መጠን ወላጅ በሚረዳው ቋንቋ መነጋገር ይላል። ብዙ ወላጅ በፊርማው ምክንያት ልጁ እንዳይባረር ይሰጋል። ይህ ሕግ ግን የጋራ መግባቢያን የሚጠይቅ እንጂ ልጅን ለመቅጣት የተሠራ አይደለም።

እኛና ዝምታችን

እኛ ያደግነው መምህርን በማክበር ነው። ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ ሙሉ በሙሉ ይሰጥ ነበር፤ «ምን አስተማሩት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። ይህን አክብሮት ይዘን ስንመጣ እዚህ ሌላ ትርጉም ተሰጠው። በስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» የሚል አባት ለእኔ ጨዋ ነው፤ ለመምህሯ ግን ግድ የሌለው ይመስላል። ማስታወሻ ሲላክለት የማይደውል ቤተሰብ «የማይከታተል» ተብሎ ይመዘገባል። ዝምታችን ልጆቻችንን ያስከፍላቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። ብዙዎቻችን ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እንጠብቃለን፣ ሆቴል እናጸዳለን፣ ታክሲና ኡበር እንነዳለን፣ ኤርፖርት እንሠራለን። ውሉ «በየማታው የቤት ሥራውን አያለሁ» ሲል ማታው የሥራ ሰዓታችን ነው። አንዲት እናት በስብሰባ ላይ «እህቴ፣ እኔ ቤት የምገባው እሱ ሲነሳ ነው፤ የማልፈጽመውን እንዴት ልፈርም?» አለችኝ። ያንኑ ለመምህሯ ተረጎምኩላት። ወዲያውም እናቲቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት አይታ ምልክት እንድታደርግ፣ የከበደውን ደግሞ መምህሯ ከሰዓት በኋላ በማስጠኛው ሰዓት እንድታየው ተስማሙ። ወረቀቱ ላይም በእጅ ጻፉት። ውል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት ለእናቱ በትክክል እንዲተረጉም መጠበቅ ለልጁም ከባድ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ከስብሰባው ቀደም ብላችሁ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉት።

«አብሬው አነባለሁ» በሚለው ላይ ደግሞ እንደ መምህር አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ አትፍሩት። በአማርኛ አንብቡለት፣ ተረት ንገሩት፣ ያነበበውን በአማርኛ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ታሪክን በቅደም ተከተል መናገር፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ አዲስ ቃል ማወቅ በየትኛውም ቋንቋ ቢማረው ወደ ሌላው ይሻገራል። የቅዳሜ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያኑ የአማርኛ ትምህርት ጋር ከተጋጨም ለትምህርት ቤቱ ንገሩት፤ ይህም የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ልጄ ወደ ኋላ ሲቀር በስንት ጊዜ ውስጥ ትነግሩኛላችሁ? ማስጠናቱ በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ በአንድ ቡድን ስንት ልጅ አለ? መምህሩን የማገኘው በስልክ ነው በኢሜል፣ መልሱስ በስንት ቀን ይመጣል? እኔ በሥራ ምክንያት አንዱን ነጥብ ካልፈጸምኩ ምን ይሆናል? ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች መሀል ላይ ትምህርት ቤቱን ለቀቁ? ጥሩ ትምህርት ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች ይደሰታል፤ የሚቆጣ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ቅጂውን ውሰዱና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። የእናንተን ድርሻ በቻላችሁት ፈጽሙ። በጥቅምቱ ስብሰባ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡና የትምህርት ቤቱን ድርሻ ነጥብ በነጥብ አንሱ፦ ማስጠናቱ ተጀመረ? ሪፖርቱ የታለ? ልጁ ወደ ኋላ መቅረቱን በሰኔ ከሰማን ዓመቱ አልፏል፤ በጥቅምት ከሰማን ግን ስምንት ወር በእጃችን አለ። ጎረቤታችሁ አዲስ መጥታ ከሆነ እሷንም ይዛችኋት ሂዱ። ልጆቻችንን ብዙ ባሕር አሻግረን ያመጣናቸው ለትምህርት ነው። የተፈረመልንን ሁሉ እስከ መጨረሻው እንጠይቅላቸው።